ሁለተኛው ምት

የያዙኝ በባዶ እግሬ ነው። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር፤ የሸዋ ሮቢት ሙቀት ግን ገና አልበረደም። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በተከራየሁት የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ቴኳንዶ አሰለጥናለሁ። ሃያ ስድስት ሰልጣኞች በሦስት መስመር ቆመዋል። ስለ ምት ኃይል እየነገርኳቸው ነበር። ብዙ ሰው ምት ከእግር የሚወጣ ይመስለዋል፤ የሚወጣው ከዳሌ ነው፤ ዳሌው ካልዞረ እግር ዱላ ብቻ ነው እያልኩ ዞር ብዬ ሳሳያቸው፣ በሩ ላይ አምስት የታጠቁ ሰዎች ቆመዋል። ወዲያው አልገቡም። ለጥቂት ጊዜ አዩን። አንደኛውማ አንገቱን አዘንብሎ ትምህርቱን የሚከታተል ይመስል ነበር።

«ለማን ነው እነዚህን የምታዘጋጃቸው?» አለኝ ፊት ያለው።

«ለቀበቶ ፈተና» አልኩት። እውነቱም ይኸው ነበር።

ሰልጣኞቹን ግድግዳ ጥግ አስቀምጠው ስማቸውን ጻፉና ለቀቋቸው። የእኔን ጥቁር ቀበቶ ከወገቤ ፈትተው እጄን ወደ ኋላ አሰሩበት። አሥራ አራት ዓመት የለፋሁበት ቀበቶ ነው። ነጩን የስፖርት ልብስ እንደለበስኩ፣ በባዶ እግሬ፣ ባጃጆች ተራ በሚጠብቁበት በኩል አሳልፈው ወሰዱኝ። የማውቃቸው ሰዎች ቀና ብለው አዩኝና መልሰው አቀረቀሩ። አልተቀየምኳቸውም። ሌላ ሰው ሲወሰድ እኔም እንዲሁ አድርጌ አውቃለሁ።

የገባሁበት ቦታ እስር ቤት አይደለም። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የማሾ መጋዘን ነው። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ። ማሾው ተጭኖ ሄዷል፤ አቧራውና ነቀዙ ቀርቷል። ጋደም ስንል ነቀዙ ጆሯችን ውስጥ ይገባል። ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ግድግዳው አይነካም፤ ያቃጥላል። በዚያን ሰዓት አሥራ ዘጠኝ ሰው ወደ መሃል ይሰበሰብና ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ይቀመጣል። የአንዱ ላብ በሌላው ክንድ ላይ ይወርዳል። የምንጠጣው ውኃ በዘይት ጀሪካን ነው የሚመጣው፤ ሙቅ ነው፣ ዘይት ዘይት ይላል።

ቦታ የደረሰኝ ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ ነው። ከቀወት ቆላ የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ማሽላና ማሾ የሚያርሱ፣ ስልሳ አምስት ዓመት የዘለቁ፣ ረጅም ቀጭን ሰው። ጢማቸው በሂና ቀልቷል። ሥሩ ግን እዚያው እስር ላይ እያሉ ነጭ ሆኖ አድጎ ስለነበር፣ ስንት ጊዜ እንደቆዩ ጢማቸውን አይቶ መገመት ይቻላል። ወንጀላቸው ለታጠቁ ሰዎች ምግብ ሰጥተዋል የሚል ነው።

«እውነት ሰጥተዋል እንዴ?» አልኳቸው።

«ሰው መጣ፣ ራበኝ አለ፣ አበላሁት» አሉኝ። «ወላሂ፣ ጠመንጃውን አላበላሁም።»

አባባ አልኳቸው፤ እሳቸውም ልጄ አሉኝ። በዚሁ ቀረ።

ምርመራ የሚሉት በየሁለት ቀኑ ነበር። ጥያቄው ሁለት ብቻ ነው፤ ማን ላከህ? የት ደበቃችሁት? የደበቅነው ምን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልነገሩኝም።

ስለ ህመም የማውቅ ይመስለኝ ነበር። የጎድን አጥንቴ ተሰንጥቆ ሁለት ዙር ተጋጥሜያለሁ። ለሰልጣኞቼም ህመም ወሬ ነው፣ ወሬውን ስማና ሥራህን ቀጥል እያልኩ አስተምር ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የውስጥ እግሬን በውኃ ጎማ ሲገርፉኝ በአፍንጫዬ እየሳብኩ፣ በአፌ ቀስ ብዬ እያወጣሁ፣ ዝም አልኩ። ኩራት ነበር። አዳራሽ ውስጥ ያለ ህመም ደወል እንዳለው አልገባኝም ነበር። ሦስት ደቂቃው ያልቃል፤ ዳኛ አለ፤ የመታህ ሰው መጨረሻ ላይ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳሃል። እዚህ የሚያልቀው የገራፊው ክንድ ሲደክም ነው። ሲደክመው ደግሞ ሌላው ተነስቶ ይተካዋል።

«ስፖርተኛ ነው፤ አይሰማውም» አለ አንዱ። «ጨምርለት።»

ጨመረልኝ።

ተሸክመው መልሰው ሲጥሉኝ ሽማግሌው ራሴን ጭናቸው ላይ አደረጉት።

«ልጄ፣ ለምን አትጮህም?»

«አልጮህም።»

«ለማን ብለህ?»

ጥርሴን ነክሼ እግሬን ወደ ራሴ ሰበሰብኩ።

«እኔ ገና ሲያነሱት ነው የምጮኸው» አሉ። «ሳይነካኝ በፊት። ጩኸት እነሱንም ያደክማል። ዝም ያልካቸው እንደሆነ ግን የመቱ አይመስላቸውም።»

እንዲህ ያለ ምክር ከሰልጣኝ አፍ ቢወጣ ሃምሳ ፑሽ አፕ እቀጣው ነበር። ያን ቀን ግን ፊቴን ወደ ቆርቆሮው አዞርኩና እየሰማኋቸው ተኛሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ኃላፊው አስጠራኝ። አርባ ዓመት የሚጠጋው፣ ልብሱ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። የሚገርፉት ሌሎች ናቸው፤ እሱ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። እኔን «ሳቦም» ነበር የሚለኝ። በቴኳንዶ አሰልጣኝ ማለት ነው። ቃሉን የሚያውቅ ሰው አዳራሽ የገባ ሰው ነው።

ግቢው መሃል ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ። ከቅርንጫፉ ላይ እስከ ግማሹ ማሾ የተሞላ ጆንያ በገመድ ተንጠልጥሏል።

«እኔም በልጅነቴ ጀምሬ ነበር» አለኝ። «ቢጫ ቀበቶ ላይ ተውኩት። ብዙ ዓመት ሆነኝ የእውነት ምት ካየሁ። እስቲ አሳየኝ።»

«ውስጥ እግሬ ቆስሏል» አልኩት።

«አውቃለሁ። ለዛ እኮ ነው ቅልጥምህን ያልነካነው።»

በግራ እግሬ ስቆም የውስጥ እግሬ ቁስል ተከፈተና አፈሩ ገባበት። ሦስት ጊዜ መታሁ። በሦስተኛው ጆንያው ለሁለት ታጥፎ ወደ ላይ ወጣ፤ ማሾው ከስፌቱ መሬት ላይ ተንጠባጠበ። ጠባቂዎቹ «ኧረ!» አሉ። ልደብቀው የማልፈልገው ነገር አለ፤ ደስ አለኝ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሌሎች የሚመቱት ዕቃ ሆኜ ከርሜ ነበር።

ኃላፊው ሻዩን አስቀመጠ።

«ጆንያ አይናገርም» አለ። ወደ ጠባቂው ዞሮ «ሽማግሌውን አምጣው» አለው።

ሽማግሌው ፀሐዩ ዓይናቸውን እያጭበረበራቸው ወጡ። ኃላፊው ከፊቴ አንድ እርምጃ ያህል ርቀት ላይ አቆማቸው።

«አንድ ምት» አለኝ። «አንተ ከመታኸው ወደ ቦታው ይመለሳል። አንተ ካልመታኸው እኛ እስከ አሥር ሰዓት እንመታዋለን። ዛሬ ሌላ ሥራ የለንም።»

«አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው» አልኩት።

«የኔም አባት ይሆናሉ» አለኝ።

ሽማግሌው ነገሩ ገባቸው። ቆባቸውን አውልቀው እጃቸው ላይ ያዙት።

«ምታኝ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «የነሱ ጎማ ነው። ያንተ እግር ነው። እግር ይሻለኛል።»

በውድድር ላይ ድምፅ ብቻ ያለው ምት አለ። ከሆድህ ትጮሃለህ፤ እግርህ ደረት ላይ በጥፊ ድምፅ ያርፋል፤ ክብደቱን ግን በመጨረሻዋ ቅጽበት ትመልሰዋለህ። እሱን መታሁ። ግቢው እስኪያስተጋባ ጮህኩ፤ እግሬ ደረታቸው ላይ «ጧ» አለ። ሽማግሌው ግን ወዲያው አልወደቁም። መጀመሪያ ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ ገባቸውና በጀርባቸው ወደቁ። አንዱ ጠባቂ ሳቀ።

ኃላፊው አልሳቀም።

«ይሄ ለዳኛ ነው፤ ነጥብ የሚያዝበት» አለ። «እኔ ዳኛ አይደለሁም። አታልለኸኛል።» ጠባቂዎቹን ጆንያውን ከገመዱ ላይ እንዲያወርዱ አዘዛቸው። አወረዱት። ገመዱ ባዶውን ተንጠለጠለ። «የእውነቱን አሳየኝ። አለበለዚያ ጆንያው በነበረበት ሽማግሌውን እሰቅለዋለሁ። በእግሩ። ከዚያ ሁላችንም ተራ በተራ እንለማመድበታለን።»

አሰብኩ። ጎድን ብመታ ይሰበራል። ሆድ ብመታ በዚህ ዕድሜ ሊሞቱ ይችላሉ። ጭን፣ በውጭ በኩል፣ ከጉልበት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ሥጋው ወፍራም ነው፤ እግሩ ለጥቂት ቀን ይደነዝዛል እንጂ ይመለሳል። ይህን ሁሉ በጣም ረጋ ብዬ ነው ያሰብኩት። ዛሬ የሚያስፈራኝ ያ እርጋታዬ ነው። ለዚያች ደቂቃ ፊቴ የቆመው ሰው አልነበረም፤ የምመርጠው ቦታ ነበር።

ያላሰብኩት ሽማግሌው ለሁለት ወር የረባ ነገር አለመብላታቸውን ነው። ጭናቸው ላይ ሥጋ አልቀረም ነበር።

ዳሌዬን አዞርኩ። ምቱ ጥሩ ነበር። በሕይወቴ ከመታኋቸው ሁሉ የተስተካከለው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ቅልጥሜ አጥንት አገኘ። እንደ መጀመሪያው «ጧ» አላለም፤ የታፈነ ድምፅ ነው ያወጣው። ገና ሲያነሱት እጮሃለሁ ያሉኝ ሰው እኔ እግሬን ሳነሳ አልጮሁም። የጮሁት መሬት ላይ ከወደቁ በኋላ ነው። «እማዬ!» አሉ። የስልሳ አምስት ዓመት ሽማግሌ እናቱን ሲጠራ የዚያን ቀን ነው የሰማሁት።

ኃላፊው አጨበጨበ። ከወንበሩ ስር የፕላስቲክ ጠርሙስ አንስቶ ሰጠኝ። ከፍሪጅ የወጣ ነው፤ ላይ ላዩ ውኃ ያንጠባጥባል። ጠጣሁት። ሽማግሌው መሬት ላይ ጭናቸውን ይዘው እየተንፈራገጡ ነበር። ላካፍላቸው አላሰብኩም። እስከ መጨረሻው ጠብታ ጠጣሁና ባዶውን ጠርሙስ መለስኩለት። አመሰግናለሁም ብዬዋለሁ።

መጋዘኑ ውስጥ አንድ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። ጀውሃ ላይ ምሳ ሊበላ ቆሞ የተያዘ ነው። ከገባሁ ጀምሮ የጋቢውን ግማሽ እያነጠፈልኝ ነበር የምተኛው። በቆርቆሮው ቀዳዳ ሁሉንም አይቷል።

«ቀዝቃዛ ነበር?» አለኝ።

«ምኑ?»

«ውኃው።»

«አዎ» አልኩት።

ጋቢውን ስቦ ወሰደ። ሌሎቹም እግራቸውን ሰብሰብ ሰብሰብ አደረጉ። በዚያ ጥበት ውስጥ በዙሪያዬ ባዶ ቦታ ተከፈተ። አየር አገኘሁ ማለት ነው።

ሽማግሌው ጥግ ላይ ተጋድመዋል። ጭናቸው አብጦ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ለተመታ ሥጋ የሚደረገውን አውቃለሁና ወደ እሳቸው ስሄድ ሁለት ሰዎች ተነስተው ከለከሉኝ።

«ተዉት፤ ይምጣ» አሉ ሽማግሌው።

ከነጩ ሱሪዬ ጨርቅ ቀድጄ ያንን ዘይት ዘይት የሚል ውኃ አስነክሬ ጠመጠምኩላቸው። እጄ ሲነካቸው ይንቀጠቀጡ ነበር።

«የመጀመሪያው ደህና ነበር» አሉኝ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ቶሎ መውደቅ ነበረብኝ።»

«ይቅር ይበሉኝ አባባ።»

የጨርቁን ጫፍ በእጃቸው አጠበቁት። 

«እያመመኝ አትጠይቀኝ» አሉ በመጨረሻ። «አሁን ይቅር ብልህ ውሸት ይሆንብኛል።»

ከዚያ በኋላ ሲሰግዱ መጎንበስ አልቻሉም። እግራቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ ተቀምጠው፣ በአንገታቸው ብቻ ነበር የሚሰግዱት። ፊታቸውን ባዞሩ ቁጥር ዓይናቸው እኔ ላይ ያርፋል፤ የምቀመጠው በዚያ በኩል ነበርና። ቦታ ልቀይር ብል የሚያስጠጋኝ አላገኘሁም።

በአራተኛው ቀን ኃላፊው እንደገና አስጠራኝ። ሁለት እንግዶች አብረውት ተቀምጠዋል። ከዛፉ ስር የቆመው ግን ሹፌሩ ነው። እጁ ወደ ኋላ ታስሯል።

«ስለ አንተ አውርቼላቸዋለሁ» አለኝ ኃላፊው። «አታሳፍረኝ።»

ሹፌሩን አየሁት። አልለመነኝም። ፊቱ ቀድሞ የተመታ ሰው ፊት ነበር። የት እንደምመታው ሰውነቴ ለራሱ መምረጥ ሲጀምር ታወቀኝ፤ ወፍራም ነው፣ ጭኑ ሥጋ አለው፣ ይችለዋል። ይህን ሳስብ ራሴን ያዝኩትና መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አስቤበት አይደለም። 

«ተነስ።»

«አልመታም።»

«ሳቦም፣ እንግዶች ፊት?»

«አልመታም።»

ኃላፊው መጥቶ ከፊቴ ቁጢጥ አለ። የሻይ ትንፋሹ ይሸተኛል።

«እኛ እንደምንመታው ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«ከአንተ አንድ ምት ይልቅ እሱ ይብሳል። ይሄንንም ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ» አልኩት። ማወቄ ምንም አልጠቀመም።

«በየትኛው እግርህ ነው የምትመታው?»

ልዋሸው እችል ነበር። «በቀኙ» አልኩት።

ቀኝ እግሬን ሁለት ብሎኬት ላይ አጋደሙት። አንዱ ጠባቂ ሦስተኛውን ብሎኬት በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አነሳ። ገና ሲያነሳው ጮህኩ። አሥራ አራት ዓመት ያልጮህኩትን ሁሉ ጮህኩ። እንዳይመታኝም ለመንኩት። ወንድሜ በአላህ፣ ወንድሜ በማርያም አልኩት፤ ሃይማኖቱን አላውቅምና ሁለቱንም ጠራሁ። መታኝ። አጥንቴ ሲሰበር የሰማሁት በጆሮዬ ሳይሆን በጥርሴ ነው።

ሹፌሩን እስከ ምሳ ሰዓት መቱት። እንግዶቹ ከዚያ በፊት ሄደዋል።

ሁለታችንንም አንድ ላይ ጣሉን። ሹፌሩ ፊቱን ሲሚንቶው ላይ አድርጎ ተኝቷል። ሲናገር ከንፈሩ አብጦ ስለነበር ቃሉን ለመስማት ተጠጋሁት።

«አንድ ምት ነበር» አለኝ። «አንድ።»

ያን ጊዜ ልክ አድርጌያለሁ ብዬ ነበር። እሱ ይህን ካለኝ በኋላ ልክነቴን የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ።

በማግስቱ እግሬ ጠቁሮ ሲያብጥ ሽማግሌው በቂጣቸው እየተንፏቀቁ መጡ። ጥግ ላይ ከቀረው የዕቃ መደርደሪያ ሁለት ቁራጭ እንጨት ነቅለው፣ የቀረውን ሱሪዬን ቀደው፣ አጥንቴን ሊያቀኑ ተዘጋጁ።

«የፍየል አውቃለሁ» አሉ። «የሰው ሞክሬ አላውቅም። የሚይዘው ሰው ስጡኝ።»

ማንም አልተነሳም። ጥቂት ቆይቶ ሹፌሩ ተነሳ። ሳያናግረኝ፣ ሳያየኝ፣ ትከሻዬን በጉልበቱ ወለሉ ላይ ተጭኖ ያዘኝ። ሽማግሌው «ቢስሚላህ» ብለው ሳቡት። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም።

ክረምቱ ሲገባ ፈቱን። ፍርድ ቤት አልቀረብንም። በሩን ከፍተው «ሂዱ» ነው ያሉን። ሽማግሌው ከእኔ በፊት ወጥተው ነበር። ከእኔ ጋር የተፈታው ሹፌሩ ዋናው መንገድ ድረስ አብሮኝ አነከሰና የደብረ ብርሃን መኪና አገኘ። ሳይሰናበተኝ ተሳፈረ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

እግሬ ገጠመ፤ ግን ተጣሞ ነው። አዳራሹን ከእኔ በኋላ የተከራየው ሰው የፕላስቲክ ዕቃ ይሸጥበታል። ዘመዶቼ ባጃጅ እንድነዳ አደረጉኝ። ፍሬኑ በቀኝ እግር የሚረገጥ ነው፤ በረገጥኩ ቁጥር ያመኛል።

መራመድ ስችል ሽማግሌውን ልጠይቅ ሄድኩ። ባጃጁን መንገዱ እስከሚያልቅበት ነዳሁና የቀረውን በምርኩዝ ሄድኩት። ማሽላው ከራስ በላይ አድጓል። ቤታቸው በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሲያዩኝ ሊነሱ ሞከሩ፤ ያን ጊዜ እግራቸውን አየሁት። ምቱ ነርቭ ነክቶ ከጉልበት በታች ሞቷል። ሲራመዱ የጣቶቻቸው ጫፍ መሬት ይጭራል። ለጥቂት ቀን ይደነዝዛል ብዬ ነበር ያሰላሁት።

«እንግዳ አለኝ!» ብለው ልጃቸውን ጠሩ። «አብረን የታሰርን ነን። እንደ ወንድምህ ነው።»

ልጃቸው የእኔ እኩያ ነው፤ ክንደ ወፍራም፣ እንደ አባቱ ረጅም። እጄን አስታጠበኝ። የማሽላ እንጀራ በወጥ አቀረበልኝ።

«አንተ አብረህ ከነበርክ ታውቃለህ» አለኝ። «የአባቴን እግር እንዲህ ያደረገው ማን ነው? ብንጠይቀው አይነግረንም። አላህ ያውቀዋል ነው የሚለን።»

ሽማግሌው «ብላ ልጄ፤ ይበርዳል» አሉኝ ቶሎ ብለው።

እጄን ወደ ምግቡ ዘርግቼ ነበር። መለስኩት።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ነገርኩት። የመጀመሪያውን ነገርኩት፤ ሁለተኛውን ነገርኩት። የውኃውን ልተወው አስቤ ነበር፤ እሱንም ነገርኩት።

«አስገድደውት ነው» አሉ ሽማግሌው።

«አስገድደውኛል» አልኩ። «ምቱ ግን የኔ ነው።»

ልጁ ተነሳ። ቡጢው ሲጨበጥ አየሁ። እጄ ልማዱ ሆኖ ፊቴን ሊከላከል ሲነሳ ያዝኩትና ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። እሱ ግን አልመታኝም። ጎንበስ ብሎ ምግቡን ከፊቴ አነሳና ይዞት ወጣ።

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ በሩን አዩት።

«በዚህ ቤት ከሰው ፊት ምግብ ተነስቶ አያውቅም» አሉ።

«ይቅር ይበሉኝ አባባ።»

«እኔ አውፍ ብዬሃለሁ» አሉ። «ለሱ ግን እኔ አልልለትም። የራሱን ራሱ ይበል።»

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። ልጁ በገበያ ቀን ማሾውን ይዞ ወደ ከተማ ይመጣል። እኔ ካለሁበት ተራ አይሳፈርም፤ ተሻግሮ ሌላ ይይዛል። ባየሁት ቁጥር እንደምን አደርክ እለዋለሁ። መልስ የለም። መልሱን ብዬ አይደለም ሰላም የምለው፤ እንዳላየ ማለፍን በቆርቆሮው መጋዘን ውስጥ ጠግቤዋለሁ።

ባለፈው ሐምሌ ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ መንገዱ ጎርፍ ሆነ። ባጃጆች ሁሉ ገብተዋል። ልጁ አባቱን በጀርባው አዝሎ በጎርፉ ውስጥ ሲመጣ አየሁት። ሽማግሌው ትኩሳት ይዟቸው ይንቀጠቀጣሉ። ባጃጁን አጠገቡ አቆምኩ። ግራ ቀኝ አየ፤ ሌላ የለም። አባቱን ከኋላ አስቀመጠና ጋቢያቸውን አስተካከለላቸው።

«ግባ» አልኩት።

አልገባም። ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው። እሱ በዝናቡ ውስጥ ከባጃጁ ኋላ በእግሩ ይከተላል።

ሽማግሌው «ተወው፤ ይሂድ» አሉኝ።

ቀስ ብዬ ነዳሁ። እንዳይቀድመኝ፣ እንዳይቀርም፣ በሰው እርምጃ ልክ። እንደዚያ ለመንዳት ፍሬኑን ሳይለቁ መያዝ ያስፈልጋል። እግሬ ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጉልበቱ ይነድ ነበር። በመስታወቱ እያየሁት ነው የሄድኩት፤ ውኃው ከአገጩ ይወርዳል፤ እኔን አያይም፣ የአባቱን ጀርባ ነው የሚያየው።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ስንደርስ አባቱን አቅፎ አወረደ። ምንም አላለኝም። የእኔ ባጃጅ ውስጥ አለመቀመጥ መብቱ ነው። ቀስ ብዬ መንዳት ደግሞ የእኔ ድርሻ ነው። ከውስጥ እስኪወጡ ድረስ ሞተሩን አጥፍቼ ጠበቅኋቸው።